በአዴ ፋጡማ ደጅ የተናገርኩት ቃል

አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤቴ በር ላይ በቀይ ቀለም «ለውሸታም አየር አንሞላም» የሚል ጽሑፍ አለ። የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሾፌሮች ሊያላግጡብኝ ሲፈልጉ «ጋሼ ደምሴ፣ ዛሬ ትንሽ ዋሽቻለሁ፤ ግማሹን ብቻ ይሙሉልኝ» ይሉኛል። እነሱ ይሳቁ እንጂ እኔ ስጽፈው የምሬን ነበር።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብን ያጠናሁት ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው መዋሸት የለበትም ብዬ አምን ነበር፤ ልጆቼንም ያሳደግኳቸው በዚህ ነው። እናታቸው ካረፈች በኋላ ብሩክንና ሰላማዊትን ብቻዬን አሳደግኩ። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ሰበርኩ» ካለ አይመታም፤ «ወደቀ» ካለ ግን ይመታል። ቤታችን ውስጥ ሕጉ ይኸው ነበር። ጨካኝ ነው ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ እኔም አልካድኩም።

ብዙ ዘመን ጎማ ለጥፌ ሚኒባስ ገዛሁ። ብሩክ ይነዳታል፤ እሷ በምታስገባው ሰላማዊት የነርስ ኮሌጅ ትማራለች። የምኖርበት ነገር ሁሉ በእነዚያ አራት ጎማዎች ላይ ነበር።

የዚያን ዕለት የሳጉሬ ገበያ ነበር። ብሩክ ረዳቱንና ገበያተኛውን ከሳጉሬ ሊጭን ባዶ መኪና ይዞ ማልዶ ተነሳ። ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ አይታይም፤ ጉሙ እስከ አጥራችን ወርዷል።

«አባዬ፣ የኋላዋን ጎማ አየሃት?» አለኝ።

«አይቻታለሁ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«አንተ ከሞላኸው ጎማ በላይ የምትሞላው ምክር በዛ» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ስልኩ ሲደወል ገና ሱቄን አልከፈትኩም ነበር። ከሳጉሬ ወዲህ ባለው መታጠፊያ ላይ ሚኒባሷ ገብስ ከጫነ ጋሪ ጋር ተጋጭታ ገደል ገብታለች። ባለጋሪው ኦቦ ሁሴን የሚባሉ የዚያው አገር ገበሬ ናቸው፤ እዚያው አርፈዋል። ልጄን ወደ አሰላ ሆስፒታል እያመጡት ነበር።

ስደርስ ብሩክ አልጋ ላይ ነው። ፊቱ ንጹሕ ነበር፤ ጉዳቱ ከውስጥ ነበር። ሐኪሙ ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ወጣ፤ የያዘኝ አያያዝ ሁሉን ነገረኝ። ልጄ ዓይኑን ገልጦ ፈለገኝ።

«አባዬ... ሰውዬው ተረፈ?»

እኔ ለውሸታም አየር የማልሞላው ሰው፣ ኦቦ ሁሴን በጋቢ ተሸፍነው ወደ ቤታቸው መወሰዳቸውን እያወቅሁ፣ «ተርፏል» አልኩት።

«ተመስገን» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ቀኑ ሳይመሽ ሞተ።

ይህንን ለሰላማዊት አልነገርኳትም። ምን እንደጠየቀኝም፣ ምን እንደመለስኩለትም በሆዴ ያዝኩት።

ሠልስቱ እንዳለፈ ሐጂ ገመዳ ወደ ለቅሶው መጡ። ሐጂ የሳጉሬ አካባቢ ሽማግሌ ናቸው፤ የታረቀ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ የኔም የድሮ ደንበኛ። አጠገቤ ተቀመጡ።

«ደምሴ፣ ጉማ አለ» አሉኝ።

አርሲ ውስጥ ያላደገ ሰው እንዲረዳኝ ልንገራችሁ። ሰው በሰው እጅ ሲያልፍ፣ ሆን ተብሎም ይሁን በድንገት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌ የሚታረቁበት ሥርዓት ጉማ ይባላል። እስኪፈጸም ድረስ ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ውሃ አይቀዱም፣ በአንድ ድንኳን አይቀመጡም።

«ሐጂ፣ እኔም እኮ ልጄን ቀብሬያለሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት። እርጥብ ሳር ይዘህ ደጃቸው ትቆማለህ። 'ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅር በሉን' ትላለህ።»

«ትራፊክ ፖሊሱ ማን እንዳጠፋ መለየት አልቻልኩም ብሏል። ጉም ነበር፤ ጋሪው መብራት አልነበረውም። ያላየሁትን ጥፋት አጥፍተናል ብዬ አልመሰክርም።»

ሐጂ ገመዳ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ጎሚስታ! መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ማን ወጋው ብለህ ትመረምራለህ ወይስ ትለጥፍለታለህ?»

«እለጥፋለሁ።»

«እንግዲያው ምስክርነት ያለህ ማን ነው? የሞት ቤት የሚገባው በዚህ ቃል ነው። ያጠፋም ያላጠፋም ይለዋል። ያ ቃል ሳይባል ሴትዮዋ ደህና አድርጋ ማልቀስ አትችልም።»

በማግስቱ ሄድን። ከአጥራቸው ራቅ ብለን፣ ሳር በእጃችን ይዘን ቆምን። ሽማግሌዎች ገቡ፣ ወጡ፣ ደግመው ገቡ። ነፋሱ የገብሱን ማሳ ወደ አንድ ወገን ያስተኛዋል። በመጨረሻ ግቡ ተባልን።

የኦቦ ሁሴን ሚስት አዴ ፋጡማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው እንደኔ እጅ የተሰነጣጠቀ ነው። አጠገባቸው አንዱ የጋሪው ጎማ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሱን ሳይ የሐጂን ትዕዛዝ ረሳሁ፣ ትራፊኩን ረሳሁ። በኦሮምኛ «በሌሳን ከን ኬኛ» አልኩ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት ነው። ስናገረው ውሸት አልመሰለኝም። የተናገርኩት የራሴን ልጅ ከስሼ ሳይሆን የእሳቸውን ሀዘን ተሸክሜ ነው።

አዴ ፋጡማ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንተም ልጅህን ቀብረህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«አዎ፣ እናቴ።»

ከእጄ ሳሩን ተቀበሉ። ከዚያ ጮኸው አለቀሱ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው። እኔም የብሩክን ሬሳ ሳነሳ ያልወጣ ለቅሶ እዚያ ወጣልኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዕርቁ እንዲታወቅ ብሎ፣ ሁሉን በስልኩ ቀርጾ ላከልን።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ። ሚኒባሷ ሙሉ ዋስትና ነበራት። ድሮ የጉዳት ካሳ ሲጠየቅ ሰው መጥቶ ያይ ነበር፤ አሁን ኩባንያው ሁሉን በስልክ በሚሠራ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አድርጎታል። ፎቶ ትልካለህ፣ ትናገራለህ፣ እሱ መርምሮ ይወስናል። ሰላማዊት ስልኩን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

ለስላሳ የሴት ድምፅ ወጣ። «ለደረሰብዎ ሀዘን ከልብ እናዝናለን። የደረሰውን አደጋ በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ።»

«ይህቺ ማናት?» አልኩ።

«ሰው አይደለችም አባዬ። ማሽን ናት።»

«ታዲያ በምኗ አዘነች?»

ሰላማዊት ከወንድሟ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ለማሽኑ ነገርኩት፤ ጉሙን፣ መታጠፊያውን፣ ጋሪውን። የመኪናዋን ፎቶና የፖሊሱን ወረቀት ላክን። ከዚያ ማሽኑ «ከሌላው ወገን ጋር የተደረገ ስምምነት ካለ ማስረጃውን ያያይዙ» አለ።

እኔና ልጄ ተያየን። ስምምነትማ አለን! ያውም በሽማግሌ፣ ያውም በሳር። ምድር ላይ ከዚህ የጸዳ ስምምነት የት ይገኛል? ከሟች ቤተሰብ ጋር ነገር እንደሌለን ያሳያል ብለን ደስ እያለን የዕርቁን ቪዲዮ ላክነው። የሌላ አገር ሰው ይህን ስህተት የሚሠራ አይመስለኝም። እኛ ግን ዕርቅ የሚያስቀጣ ነገር መሆኑን ማን ነግሮን?

መልሱ ብዙ አልቆየም። ማሽኑ ኦሮምኛም ያውቃል። እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦ «በቪዲዮው ላይ 'ጥፋቱ የእኛ ነው' ብለዋል። ይህ ንግግርዎ እውነት ነው?» ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «አይደለም»። እስከ ነገ ካልተመለሰ ጥያቄው እንደሚዘጋም ተጽፏል።

ስልኩን ይዘን ወደ ቅርንጫፉ ሮጥን። ሚኪያስ የሚባል ትሑት ወጣት ተቀበለን። ስለ ብሩክ ሰምቶ ኖሮ ቆሞ ነው ያነጋገረን።

«ጋሼ፣ ውሉ ላይ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ክልክል ነው ይላል። ሲስተሙ የያዘዎት በዚህ ነው።»

«ልጄ፣ ያ እኮ የለቅሶ ቃል ነው። አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?»

«የኢተያ ልጅ ነኝ። ይገባኛል። አባቴም ብሎታል። ግን እኔ ማየት እንጂ መንካት አልችልም፤ ውሳኔው የሲስተሙ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «'አይደለም' የሚለውን ይጫኑ። ቀጥሎ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠይቅዎታል። 'የሌላው ወገን' ይበሉ። ፎቶው ይደግፍዎታል፣ ጋሪው መብራት የለውም። ያልፍልዎታል።»

«'አላውቅም' የሚል የለውም?»

«የለውም ጋሼ።»

«እውነቱ ግን እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን የለውም።»

«ለእነሱስ ይነገራቸዋል?»

ሚኪያስ ጠረጴዛውን እያየ መለሰ። «ለሌላው ወገን መልእክት ይሄዳል። ጥፋቱ የሟች መሆኑን በጽሑፍ ያሳውቃል።»

ወደ ቤት ስንመለስ ሰላማዊት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ 'አይደለም' በል። እባክህን።»

«ከዚያስ በኋላ? ሁሴን አጠፋ ልበል? ሚስቱ ሳሩን ከእጄ ተቀብላ፣ እኔ በስልክ የሞተ ባሏን ልክሰስ?»

«እሺ፣ 'አዎ' ካልክስ ማንን ነው የምትከሰው? ብሩክን አይደለም? እሱስ የሞተ አይደለም?»

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«ስለ ኮሌጁ አይደለም የምለው» አለች። «ኮሌጁ ይቅር። ነገር ግን እዚያ ሲስተም ውስጥ የወንድሜ ስም ሰው ገዳይ ተብሎ ይቀመጣል። ዘላለም። ብሩክ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። አንተ ራስህ ነህ ያስተማርከው። ውሸት አትናገሩ ስትለን አልኖርክም? ብሩክ አጠፋ ማለት ውሸት ነው!»

«ሁሴን አጠፋ ማለትስ?»

«ሁሴንን አላውቀውም!» ብላ ጮኸች። «እኔ የማውቀው ብሩክን ነው!»

አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ዕድሜዬን በሙሉ እውነትና ውሸት ሁለት ብቻ ናቸው ስል ኖሬያለሁ። ብርጭቆው ወይ ሰብረኸዋል ወይ አልሰበርከውም። ማሽኑ የጠየቀኝ እኔ ልጆቼን ስጠይቅ የኖርኩትን ጥያቄ ነው፤ በዚያው አጠያየቅ፣ በዚያው ቀዝቃዛ ፊት። አንድ ቀን ራሴ እንደዚያ ስጠየቅ ሁለቱም መልስ ውሸት ሆኖ አገኘሁት። ማወቅ የሚገባውን ሰው ሁሉ ጉም ሸፍኖታል፤ ያዩት ሁለቱም ሞተዋል።

ስልኩን አነሳሁ። ልጄ የመጨረሻ ትንፋሹን ያወጣበት ጥያቄ ጆሮዬ ላይ መጣ። ስለ መኪናዋ አልጠየቀም። እኔ ነኝ ወይስ እሱ ያጠፋው አላለም። የጠየቀው ስለ ሰውዬው ነው። ብሩክ ተርፎ ቢሆን በአዴ ፋጡማ ደጅ ሳር ይዞ የሚቆመው እሱ ነበር፤ የሚናገረውም ያንኑ ቃል ነበር። እንደዚያ ነው የገባኝ። ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አዎ»ን ተጫንኩ።

«ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለ ድምፁ። «የካሳ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። ጥፋት፦ የአሽከርካሪው። በአገልግሎታችን ምን ያህል እንደረኩ በኮከብ ይግለጹልን።» አምስት ባዶ ኮከቦች ተደረደሩ።

ሰላማዊት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜን ሁለተኛ ገደልከው» አለችኝና የብሩክ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «ብላ» እና «እሺ» ብቻ ቀሩ። የሚኒባሷን ስብርባሪ ለብረት ቆራጮች ሸጥኩት። ሰላማዊት ኮሌጁን አቋርጣ መናኸሪያው አጠገብ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጠረች። አንድ ጊዜ ሱቄ በር ላይ ቆማ ቀዩን ጽሑፍ ስታነበው አየኋት። አንብባ ስትጨርስ ሄደች። ያን ቀን ጽሑፉን ላጠፋው ቀለም አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሐጂ ገመዳ የሆነውን ከሚኪያስ ሰምተው ኖሯል፤ መጥተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ማሽኑ ሰው ሆኖ ቢሆን ኖሮ እርጥብ ሳር አስይዤ አመጣልህ ነበር» አሉ። ሊያስቁኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

የብሩክ አርባ ደረሰ። ድንኳን ጥለን፣ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ጎረቤቱ ምሳ እየበላ ነበር። ድንገት ከበሩ በኩል ዝምታ መጣ። ቀና ስል ሴቶች ቆመዋል። ከፊታቸው አዴ ፋጡማ ናቸው። በአንድ እጃቸው ሲንቄያቸውን ይዘዋል፤ የአርሲ ሴት ስታገባ የምትቀበለው፣ ለዕርቅ ሲወጡ የሚያዝ ቀጭን በትር ነው። በሌላው እጃቸው እርጥብ ሳር አለ።

ደንግጬ ተነሳሁ። በሥርዓቱ የእሳቸው ወገን ሳር አይዝም፤ ሳር የሚይዘው ይቅርታ ጠያቂው ነው። ከኋላቸው ያሉት፣ የካሳውን ነገር ያጫወቷቸው ሐጂ ገመዳም እኔ እንዳላስቆማቸው እጃቸውን አነሱብኝ።

አዴ ፋጡማ አማርኛ ብዙ አይችሉም። መንገዱን ሙሉ ሲያጠኑት እንደመጡ ያስታውቃል፤ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጡ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«ጥፋቱ የእኛ ነው። ጉም ነው፣ ፋኖስ ስቀል አልኩት። ሁሴን እምቢ አለ። ይቅር በሉን።»

ከድንኳኑ ጥግ ሰላማዊት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወጣች። ወደ አሮጊቷ ሄዳ ሳሩን ከእጃቸው ተቀበለች። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ወድቃ፣ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። አዴ ፋጡማ ጭንቅላቷን ደጋግመው እየዳበሱ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ልጄ» ይሏታል። ማንም ስልክ አላወጣም፤ ማንም አልቀረጸም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ማሽንን ልሰድብ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ማሽኑ አልዋሸም፤ የሰማውን ነው የጻፈው። ምናልባት ለብዙ ሰው ነገሩን ያፈጥንለታል፣ ጉቦ ከሚጠይቅ ሰውም ያድነዋል። እኔ የምመክራችሁ ሌላ ነው። ሀዘን ቤት ውስጥ የሚነገር ቃል አለ፤ ያን ቃል ደጁ ላይ ላልቆመ አሳልፋችሁ አትስጡ። ልጆቻችሁንም «አዎ ወይስ አይደለም?» ብላችሁ ስታፋጥጡ ለአፍታ ቆም በሉ። እኔ አልቆምኩም ነበር። ለልጆቼ ከሁለቱ ቁልፍ ሌላ ሰጥቻቸው አላውቅም።

የካሳው ነገር እንደተዘጋ ቀርቷል። በኩባንያው ዘንድ ዛሬም ጥፋተኛው ብሩክ ነው። ይህ ያመኛል፤ አያመኝም ብል እዋሻለሁ።

ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሁሉ ሲሄድ ሰላማዊት ሳሩን በውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ የብሩክ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት።

«ሆስፒታል ውስጥ አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር» አልኩ። «ሰውዬው ተረፈ ወይ አለኝ።»

ዞራ አየችኝ። «ምን አልከው?»

«ተርፏል አልኩት።»

መጥታ፣ ከልጅነቷ በኋላ ሆኖ እንደማያውቀው፣ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«ደግ አደረግህ አባዬ» አለችኝ።